«አሮጌ» እና «አዲስ»፦ የሥርዓተ ክወና ምርጫ የሚነገርባቸው ቃላት ምርመራ

1. መነሻ

ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ዊንዶውስ 10» ለተሰኘው ሥርዓተ ክወና ለተጠቃሚዎች ሁሉ ያወጣው የነበረውን የደኅንነት ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተመዝግበው ለሚጠይቁ ግለሰቦች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ እንደሚሰጥ ቢያስታውቅም፣ የሥርዓቱ መደበኛ ዕድሜ በዚያ ቀን አብቅቷል። ተተኪው «ዊንዶውስ 11» ደግሞ ከመስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ቢሆንም፣ ቀደም ብለው የተሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮችን አይቀበልም። ከዚህ የተነሣ አቅሙ ውስን የሆነ ኮምፒውተር የያዘ ሰው በያዘው ይቀጥል፣ ወደ አዲሱ ይሸጋገር፣ ወይስ ከሁለቱ ሌላ ይፈልግ እንደሆነ መወሰን ግድ ሆኖበታል።

ጥያቄው በአዳማና በስምጥ ሸለቆ መስመር ባሉት ከተሞች፣ ይኸውም በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ ልዩ መልክ አለው። በእነዚህ ከተሞች ማመልከቻና ውል ለሕዝብ የሚጽፉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ባገለገሉ ኮምፒውተሮች ነው። በአንዱ ጠረጴዛ፣ በአንዱ ኮምፒውተር አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። ይህ የሁለት ጽሕፈት ጎረቤትነት፣ ከዚህ በታች እንደምንመለከተው፣ የምርጫውን ሚዛን ይለውጠዋል።

የትኛው ሥርዓት በምሕንድስና እንደሚልቅ ማስረዳት የእኛ ተግባር አይደለም፤ ያን ለባለሙያዎቹ እንተዋለን። እኛ የምንመረምረው ምርጫው የሚነገርበትን አማርኛ ነው። ያገኘነውም ውጤት የሚያሳስብ ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ቃላት፣ ከገበያ የመነጩትም ሆኑ በትርጉም የመጡት፣ ተጠቃሚው ሊጠይቅ የሚገባውን ሳይጠይቅ እንዲወስን ያደርጉታል። ቃሉ ሲሳሳት ገንዘብ ይባክናል፣ የተጻፈም ይጠፋል።

2. «ሥርዓተ ክወና» እና «ዊንዶው»

ከሁሉ አስቀድሞ የነገሩን ስም እንመልከት። የኮምፒውተሩን አካላት የሚያስተዳድረውና ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም በጽሑፍ አማርኛ «ሥርዓተ ክወና» ይባላል። ቃሉ በአመሠራረቱ እንከን የለበትም። «ሥርዓተ ትምህርት»፣ «ሥርዓተ ነጥብ»፣ «ሥርዓተ ቅዳሴ» እንደሚባለው ሁሉ በግዕዝ ደንብ የተናበበ ነው። ሁለተኛው ክፍል «ኮነ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በኪነ ጥበብ ሰዎች ዘንድ የተለመደው «ክዋኔ» የቅርብ ዘመዱ ነው። ሊቀርብበት የሚችለው ነቀፌታ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በመጽሐፍና በመሥሪያ ቤት ሰነድ ካልሆነ በቀር በሰው አፍ ገና ያልገባ መሆኑ።

በሰው አፍ ያለው ሌላ ነው። በአዳማም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ሥርዓተ ክወና ሁሉ «ዊንዶው» ይባላል። «ዊንዶው ጫንልኝ»፣ «ዊንዶዋ ተበላሽታለች»፣ «የድሮው ዊንዶው ይሻል ነበር» ይባላል። የአንድ ኩባንያ ምርት ስም የወገኑ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል ማለት ነው። እንዲህ ያለው የትርጉም መስፋት በቋንቋችን እንግዳ አይደለም። የታሸገ ውሃ ሁሉ «ሃይላንድ»፣ የዱቄት ሳሙና ሁሉ «ኦሞ» ሲባል ኖሯል። ሃይላንድ ብሎ ጠይቆ የሌላ ፋብሪካ ውሃ የተሰጠው ሰው ግን ጥሙን ከመቁረጥ አይጎድልበትም። «ዊንዶው» እንዲህ አይደለም። ወገኑን ሁሉ በአንድ ምርት ስም የሚጠራ ሰው ምርጫው በዊንዶውስና በዊንዶውስ መካከል ብቻ ይመስለዋል፤ በነፃ የሚገኙትና በደካማ ኮምፒውተር ላይ ሊሠሩ የሚችሉት ቀላል የሊኑክስ ዓይነቶች በቋንቋው ውስጥ ቦታ ስለሌላቸው ከሐሳቡም አይገቡም። ስለዚህ «ሥርዓተ ክወና» ለጊዜው ለጆሮ ቢከብድም ሊጠበቅና ሊስፋፋ ይገባዋል እንላለን። ጥቅሙ የሚገኘው ከግዕዝ በመምጣቱ ሳይሆን፣ ከአንድ ምርት ስም በላይ ሆኖ ሁሉንም እኩል በመሰብሰቡ ነው።

3. የዕድሜ ቃላት

ወደ ምርጫው ስንገባ የምናገኛቸው «አሮጌ» እና «አዲስ» የተባሉት ቅጽሎች ናቸው። አማርኛ ዕድሜን በመግለጽ ረገድ ድኻ አይደለም። «አሮጌ» በአገልግሎት ብዛት የተጎዳውን ይገልጻል፤ አሮጌ ልብስ፣ አሮጌ ጣሪያ እንደሚባለው። «ያገለገለ» ሌላ እጅ የነካውን፣ ሆኖም ገና የሚሠራውን ያሳያል፤ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው አሮጌ ገዛ አይባልም። «ነባር» ቀድሞ የነበረውንና በቦታው የጸናውን ያመለክታል፤ ነባር ተማሪ፣ ነባር ሠራተኛ እንላለን። «የቀድሞ» ደግሞ ቦታውን ለሌላ የለቀቀውን ይጠራል።

ሥርዓተ ክወና ከእነዚህ በየትኛው ይጠራ? «አሮጌ» የሚለው ቃል ለኮምፒውተሩ አካል፣ ቁልፎቹ ለተፋቁበትና ባትሪው ለደከመው ማሽን፣ የሚስማማ ነው። ፕሮግራም ግን እንደ ጫማ በመረገጥ አያልቅም። ዊንዶውስ ኤክስፒ በ1994 ዓ.ም. ሲወጣ የነበረውን ሥራ ዛሬም በዚያው ኮምፒውተር ላይ አንድ ሳያጎድል ይሠራል። የተለወጠው በዙሪያው ያለው ዓለም ነው። አዲስ ፕሮግራም አይቀበለውም፣ የደኅንነት ቀዳዳው አይደፈንም። ይህን ሁኔታ «አሮጌ» አይገልጸውም።

«አዲስ» የሚለውም ቃል እንደዚሁ አታላይ ነው። ለዚህ የከተማዋ ስም ራሱ ምስክር ይሆናል። አዳማ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ አዳማ የሚለው ስሟ በይፋ ተመለሰላት። በዚያ ዓመት «አዲሱ ስም» የተባለው ከሁለቱ የሚቀድመው ነበር። በኮምፒውተርም ዓለም ተመሳሳይ ነገር አለ። ዛሬ የወጣ ቀላል የሊኑክስ ዓይነት ከዊንዶውስ 7 በዕድሜ እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ በኮምፒውተሩ ላይ የሚጥለው ሸክም ግን ሊያንስ ይችላል። አዲስነትና ክብደት አንድ አይደሉም።

በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ተተኪ ወጥቶለት ገና አምራቹ የሚጠግነው ሥርዓት «ነባር» ይባል። ጥገናው ያበቃው «ጥገናው የተቋረጠ» ይባል። በዚህ አጠራር ዊንዶውስ 10 ከ2014 እስከ 2018 ዓ.ም. መባቻ ነባር ነበር፤ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ በአጠቃላይ አነጋገር ጥገናው የተቋረጠ ነው። ዊንዶውስ 7 ከጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ከመጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ ምድብ ይገኛሉ። ሦስቱን በአንድነት «የድሮ ዊንዶው» የሚላቸው አነጋገር ትላንት ጥገናው የቆመውንና ከአሥር ዓመት በፊት የተተወውን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸዋል።

4. «ማዘመን»፣ «ማሻሻል»፣ «ፎርማት»

ከቅጽሎቹ ይልቅ ጉዳት የሚያደርሱት ግሦቹ ናቸው። በተተረጐሙ ፕሮግራሞች ላይ «አዘምን» የሚል ትእዛዝ እናገኛለን። ከ«ዘመን» የወጣ፣ ለጆሮ የሚጥም ቃል ነው። ይሁን እንጂ «ዘመናዊ» ከሚለው ቃል ጋር ያለው ዝምድና ውዳሴን አዝሎ ይመጣል፤ «አላዘምንም» ማለት ኋላ ቀር መሆንን እንደ መምረጥ ይሰማል። ከዚያም በላይ ቃሉ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶችን ይሸፍናል። የመጀመሪያው፣ ሥርዓቱ ሳይለወጥ በውስጡ የተገኘውን ቀዳዳ መድፈን ነው። ሁለተኛው፣ አንዱን ሥርዓት ትቶ ወደ ሌላው መሄድ ነው። በንግግር ደግሞ ሁለቱም «አፕዴት» ተብለው ፈጽሞ ተቀላቅለዋል።

የመቀላቀሉ ውጤት በግልጽ ይታያል። የኮምፒውተሩን ድካም የሚያውቅ ሰው «አፕዴት ካደረግኳት ትከብዳለች» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ስለ ሁለተኛው ድርጊት ትክክል ነው። ቃሉ አንድ ስለሆነ ግን የመጀመሪያውንም አብሮ ይዘጋዋል፤ ከሞባይል ጥቅል የሚቆጠረው የኢንተርኔት ዋጋም ሲታከልበት ኮምፒውተሩ ለዓመታት ጥገና ሳያገኝ ይቀራል። ለመጀመሪያው «ጥገና መቀበል»፣ ለሁለተኛው «ወደ ሌላ ሥርዓት መሸጋገር» ቢባል ኖሮ ሰውየው አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መተው እንደሚችል ቋንቋው ራሱ ይነግረው ነበር።

«ማሻሻል» የሚባለውም ቃል ከዚህ የተሻለ አይደለም። ቃሉ ውጤቱን አስቀድሞ ይመሰክራል፤ የተሻሻለ ነገር ከቀድሞው የተሻለ መሆን አለበትና። ሁለት ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ ከባድ ሥርዓት የጫነ ሰው ሲጽፍ ፊደሉ ከጣቱ ኋላ ቢንቀራፈፍበት፣ በቋንቋው «ተሻሽሎለታል»፣ በእውነቱ ግን ብሶበታል። የቃላት ስያሜ ድርጊቱን ይጥቀስ እንጂ የሻጩን ተስፋ አይመስክር የሚል መመሪያ እዚህ ላይ ሊጠበቅ ይገባል።

ከሁሉም የከፋው «ፎርማት» ነው። በሙያው ቋንቋ ይህ ቃል ዲስክን አሰናድቶ በላዩ ያለውን ማጥፋት ማለት ነው። በገበያው አማርኛ ግን ትርጉሙ ተሻግሮ ሥርዓተ ክወናን እንደገና መጫን ሆኗል። በጥገና ቤቶች የሚሰማውን የመሰለ ንግግር እንጥቀስ፦

«ወንድሜ፣ ኮምፒውተሯ በጣም ከብዷታል፤ እስቲ ፎርማት አድርግልኝ።»

«እሺ፣ የትኛውን ዊንዶው ልጫንልዎ? አዲሱን ነው የድሮውን?»

«የሚቀላትን ጫንላት።»

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ደንበኛው «ፎርማት» ሲሉ ማደስን አስበዋል፤ ባለሙያው ግን የሰማው ደምስሶ መጫንን ነው። በዲስኩ ላይ ምን እንዳለ አልተጠየቀም፤ ቃሉ ጥያቄውን አላስነሣምና። በሁለተኛው ቀን የሚጠፋው የልጅ ፎቶግራፍ፣ የማኅበር መዝገብ፣ ወይም የተርጓሚ የዓመታት የቃላት ዝርዝር ሊሆን ይችላል። ለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ አማርኛው በእጃችን አለ። «ደምስሶ መጫን» እና «ሳይደመስሱ መጫን» ይባል። ባለሙያው «ደምስሼ ልጫን ወይስ ሳልደመስስ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቋንቋ ሲኖረው ደንበኛውም የሚያስቀረውን ያስባል።

5. «ድጋፍ»

አምራቾች «ድጋፍ አብቅቷል» የሚል ማስታወቂያ ያወጣሉ። «ድጋፍ» በአማርኛ ለሚወድቅ ነገር የሚቆም ምሰሶ፣ ወይም ለችግረኛ የሚሰጥ ርዳታ ነው። ማስታወቂያውን የሚያነብ ሰው ከሁለት አንዱን ይረዳል። አንደኛው፣ ድጋፉ ሲነሣ ኮምፒውተሩ ይወድቃል፣ መሥራት ያቆማል የሚል ነው፤ ይህ ሐሰት ነው። ሁለተኛው፣ እኔ ከኩባንያው ርዳታ ተቀብዬ አላውቅም፣ ስለዚህ ነገሩ አይመለከተኝም የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ አደገኛ ነው።

እውነቱ ከሁለቱም የተለየ ነው። አምራቹ ያቆመው የደኅንነት ቀዳዳዎችን መድፈን ነው። ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ይነሣል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ግን ክፍት ሆኖ ይቀራል። ይህን ለመግለጽ «ጥገና» ከ«ድጋፍ» ይበልጣል። ጣሪያው የማይጠገን ቤት ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ቤት ነው፤ ዝናቡ የሚመጣው ደግሞ ከኢንተርኔትና ከእጅ ወደ እጅ ከሚዘዋወረው ፍላሽ ነው። «ጥገናው ተቋርጧል» የተባለ ሰው በቀጥታ የሚጠይቀው «ታዲያ ከዝናቡ ላርቀው እችላለሁን?» ብሎ ነው። መልሱም ለአንዳንዱ ሥራ አዎን ይሆናል። ከኢንተርኔት ተለይቶ፣ እንግዳ ፍላሽ ሳይሰካበት፣ ለጽሕፈትና ለኅትመት ብቻ የሚያገለግል ኮምፒውተር ጥገናው በተቋረጠ ሥርዓት ሊቀጥል ይችላል። የባንክ ሒሳብ የሚከፈትበትና የሰው መታወቂያ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ግን አይችልም። «ድጋፍ» የሚለው ቃል ይህን ልዩነት ማሳየት አይችልም።

6. «ዝቅተኛ መስፈርት»

ለእያንዳንዱ ሥርዓት አምራቹ የሚያወጣው የአቅም ልክ በትርጉም «ዝቅተኛ መስፈርት» ተብሏል። በአማርኛ «ዝቅተኛ» ከጥራት ጋር የተያያዘ ነው፤ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ዝቅተኛ ደረጃ እንላለን። ስለዚህ ሐረጉ «ልል መመዘኛ» ተብሎ ይነበባል፤ ያን ያለፈ ኮምፒውተር በደንብ የሚሠራ ይመስላል። እንዲያውም ልኩ የሚናገረው ከዚህ በታች ከሆነ አይነሣም ማለትን ነው፤ ከዚህ በላይ ከሆነ ይመቻል አይልም።

ልኩ ራሱ እንዴት እንዳደገ መመልከት ይጠቅማል። ዊንዶውስ ኤክስፒ የጠየቀው ራም 64 ሜጋባይት ነበር። ቪስታ 512 ሜጋባይት ጠየቀ። ዊንዶውስ 7 እና ዊንዶውስ 10 በ32 ቢት ዓይነታቸው 1 ጊጋባይት፣ በ64 ቢት ዓይነታቸው 2 ጊጋባይት ጠየቁ። ዊንዶውስ 11 ራሙን ወደ 4 ጊጋባይት፣ የዲስኩን ቦታ ወደ 64 ጊጋባይት አሳደገው፤ ባለ 32 ቢት ኮምፒውተርን ፈጽሞ ከለከለ፣ «ቲ.ፒ.ኤም. 2.0» የተባለ የደኅንነት መሣሪያም እንዲኖር አዘዘ። ከ1994 እስከ 2014 ዓ.ም. በ20 ዓመት ውስጥ የራሙ ልክ 64 ጊዜ አድጓል። በወረቀት ላይ ልኩን ያሟላ ኮምፒውተርም የአማርኛ ጽሑፍ፣ አንድ ሁለት የኢንተርኔት ገጽና የማተሚያ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ሲከፈትበት ያቃስታል። ስለዚህ «መነሻ ልክ» እና «በቂ ልክ» ብሎ ሁለቱን መለየት ይበጃል። መነሻ ልክ የሚነሣበት ነው፤ በቂ ልክ ሥራ የሚሠራበት።

ከዚሁ ጋር ስለ «ማኅደረ ትውስታ» አንድ ቃል እንጨምር። በዚህ ስም የተጠራው ራም ነው። «ማኅደር» ግን በአማርኛ የሚቀመጥበት፣ የሚከማችበት ነው፤ ሰነድ በማኅደር ይቀመጣል። ራም ደግሞ መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ የሚረሳው ክፍል ነው። በዚህ ምክንያት ስሙ ራምን ከዲስክ ጋር ያደባልቃል፤ «500 ጊጋ አላት፣ ለምን ትከብዳለች?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ ከዚህ ድብልቅ የሚመነጭ ነው። እዚህ ላይ ገበያው ከተርጓሚው ቀድሟል፤ «ራም» አጭር፣ የታወቀና ከሌላ የማይምታታ ስለሆነ እንዲጸና እንመክራለን። ውሰት ቃል ሁሉ ጠላት አይደለም።

7. ፊደሉን የሚያውቅ ሥርዓት

እስካሁን የተመለከትናቸው ጥያቄዎች በማንኛውም አገር ሊነሡ የሚችሉ ናቸው። የሚከተለው ግን የእኛ ነው። የምርጫው ቋንቋ ፈጽሞ ስም ያልሰጠው መመዘኛ አለ፤ ይኸውም ሥርዓቱ ፊደላችንን ማወቁ ወይም አለማወቁ ነው።

የአማርኛ ፊደል በ7 ድምፅ ሲባዛ 231 ሆሄያት አሉት፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉ ከ256 ያልፋል። የቀድሞዎቹ ሥርዓቶች ለአንድ የፊደል ስብስብ የሰጡት ቦታ ደግሞ ቢበዛ 256 ነበር። ስለዚህ የፊደል አዘጋጆች በራሳቸው ዘዴ ሆሄያቱን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አሰፈሯቸው፣ አንዳንዶቹም ስብስቡን ከአንድ በላይ አድርገው ከፈሉት። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን ጽሕፈት የተሸከሙት እንዲህ ባለ ብልኃት ነው፤ ውለታቸው የሚዘነጋ አይደለም። ሆኖም የአንዱ አሰፋፈር ከሌላው አይገጥምም ነበር። ጽሑፉ የተጻፈበት ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ክምር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በ3.0 ዕትሙ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ቪስታም ከዊንዶውስ ወገን የግዕዝ ፊደልና የአማርኛ መክተቢያ ከነሥርዓቱ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ሆነ። ኤክስፒ ይህ አልነበረውም፤ ፊደሉም መክተቢያውም ከውጭ ይጫንለት ነበር።

አሁን ወደ አዳማው ጠረጴዛ እንመለስ። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በይፋ የሚጻፍበት ቁቤ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ያሉትን የላቲን ፊደላት ይጠቀማል። ስለዚህ በኤክስፒ የተጻፈ የአፋን ኦሮሞ ማመልከቻ በዊንዶውስ 11 ላይም ሆነ በሊኑክስ ላይ ቃል በቃል ይነበባል። በዚያው ኮምፒውተር፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ጸሐፊ እጅ በቀድሞው አሰፋፈር የተጻፈው አማርኛ ግን ወደ ሌላ ሥርዓት ሲሻገር ሊበተን ይችላል። አንዱ ሥርዓት ለአንዱ ቋንቋ በቂ፣ ለሌላው ጎዶሎ ሆነ ማለት ነው። «የድሮው ዊንዶው ይበቃል ወይስ አይበቃም?» ተብሎ ሲጠየቅ «ለየትኛው ቋንቋ?» ብሎ መመለስ ይገባል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ወደ አዲሱ መሸጋገርም የራሱ ዋጋ አለው። ለ16 ቢት የተሠሩ የጥንት ፕሮግራሞች በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይነሡም፤ በዊንዶውስ ብቻ እንዲሠሩ የተዘጋጁ የግዕዝ መክተቢያዎችም በሊኑክስ ላይ እንደ ልብ አይሠሩም። ሊኑክስ በዩኒኮድ ለሚጽፍ ሰው የግዕዝ ፊደልና መክተቢያ ያቀርባል፤ ለሃያ ዓመት የተከማቸ የቀድሞ ሰነድ ላለው የጽሕፈት ቤት ግን ከመሸጋገሩ በፊት ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ግድ ነው። ሊኑክስም ቢሆን ደካማውን ሁሉ ለዘለዓለም አይሸከምም፤ ደቢያን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ባወጣው 13ኛ ዕትሙ ለ32 ቢት ኮምፒውተሮች መጫኛ ማዘጋጀቱን ትቷል።

ይህ ጉዳይ የእኛን ሙያ በቀጥታ ይነካል። በቀድሞው አሰፋፈር የተጻፈ የመዝገበ ቃላት ረቂቅ ለዓይን አማርኛ፣ ለኮምፒውተሩ ግን የላቲን ምልክት ነው። ቃል አይፈለግበትም፣ በሀ ሁ ቅደም ተከተል አይደረደርም፣ ከሌላ ስብስብ ጋር አይነጻጸርም። በአንድ ተመራማሪ መሳቢያ ያለ የቃል ግጥም ስብስብ ወይም የዘዬ ጥናት ከጻፈው ኮምፒውተር ጋር አብሮ ሊሞት ይችላል። የኮምፒውተሩ ባለቤት «ፎርማት» በተባለው ቃል ተሳስቶ ሲያስደመስሰው ደግሞ መሞቱ አይቀርም።

ለዚህ መመዘኛ «ፊደል አወቅ» የሚለውን ቅጽል እናቀርባለን። «ሕግ አወቅ» በሚለው አነጋገር ልክ የተሠራ ስለሆነ ለጆሮ አይጎረብጥም። ፊደልና መክተቢያ ከነሥርዓቱ ይዞ የሚመጣው ሥርዓት ፊደል አወቅ ነው፤ ከውጭ የሚጫንለት ፊደል ተጫኝ ሊባል ይችላል።

8. ተቃውሞና መልስ

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ ሕዝቡ «ዊንዶው»፣ «አፕዴት»፣ «ፎርማት» ብሎ ተግባብቶ ሳለ አካዳሚ ቃል ቢያወጣ ማን ይሰማዋል? የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ከየማዕከሉ ወጥተው በወረቀት ላይ የቀሩ ቃላት ጥቂት አይደሉም። እኛ ግን እዚህ ያቀረብነው በአብዛኛው አዲስ ፍጥረት አይደለም። «ጥገና»፣ «መሸጋገር»፣ «ደምስሶ መጫን»፣ «ልክ»፣ «ነባር» ሁሉ በገበያው ያሉ ቃላት ናቸው፤ የጠየቅነው በቦታቸው እንዲገቡ ብቻ ነው። ደግሞም ሕዝቡ ተግባብቷል ለማለት ሁለቱ ወገኖች አንድ ነገር መረዳታቸው ያስፈልጋል፤ «ፎርማት» ላይ እንዳየነው ግን ድምፁ አንድ ሆኖ ሐሳቡ ሁለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተርጓሚዎች የሚመጣ ነው። የአምራቹ መመሪያ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ አቻ ያዝዛል፤ ተርጓሚው ከዚያ ሊወጣ አይችልም ይላሉ። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን አቻው በዝርዝሩ ላይ የሚሰፍረው በአንድ ወቅት የሆነ ተርጓሚ ስላቀረበው ነው። ዝርዝሩ በሚከለስበት ጊዜ «ድጋፍ» በ«ጥገና»፣ «ዝቅተኛ መስፈርት» በ«መነሻ ልክ» እንዲተካ በምክንያት ማቅረብ የሙያው ግዴታ ነው። ምክንያቱም ከዚህ በላይ ተሰጥቷል።

9. ማጠቃለያ

ከተመለከትነው ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር አንድ ነው። አቅሙ ውስን በሆነ ኮምፒውተር ላይ በነባሩና በአዲሱ ሥርዓት መካከል የሚደረግ ምርጫ በ«አሮጌ» እና «አዲስ» ሊመዘን አይገባውም። ሊጠየቁ የሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ይሸከመዋል? አምራቹ ይጠግነዋል? ፊደላችንን ያውቃል? ሦስቱም «አዎን» ከሆኑ የዕድሜው ነገር ዋጋ የለውም። የመጀመሪያው «አይ» ከሆነ መሸጋገሩ ማሻሻል አይደለም። ሁለተኛው «አይ» ከሆነ ኮምፒውተሩ ከዝናቡ ይራቅ፣ ወይም ሌላ ሥርዓት ይፈለግለት። ሦስተኛው «አይ» ከሆነ ደግሞ፣ ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት፣ የተጻፈው ወደ ዩኒኮድ ይለወጥና በሌላ ቦታ ይቀመጥ።

እነዚህን ጥያቄዎች በአዳማ የሚገኝ የጽሕፈት ቤት ባለቤት ያለ መዝገበ ቃላት ርዳታ ሊረዳቸው ይችላል። ከተርጓሚዎችና ከስያሜ ባለሙያዎች የሚጠበቀው በስክሪኑ ላይ የሚያነባቸው ቃላት እነዚህኑ ጥያቄዎች እንዳይደብቁበት ማድረግ ነው። አንባቢያን በየሙያቸው የሚያውቋቸውን ተመሳሳይ ቃላት ከነምክንያታቸው ቢልኩልን የክለሳው ዝርዝር ይበልጥ የተሟላ ይሆናል።